ጅቡ ከሄደ በኋላ

ተረት ተረት። የመሠረት።

በትንሿ አቃቂ ዳር፣ ከመካኒሳ ዝቅ ብሎ ወደ ላፍቶ በሚታጠፈው ወንዝ አጠገብ፣ እንስሳት ሁሉ በሰላም ይኖሩ ነበር። በሰላም ስል አይበላሉም ነበር ማለቴ አይደለም፤ ማን ማንን እንደሚበላ የታወቀ ነበር ማለቴ ነው። አባባ ኤሊ ድንጋያቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጋሽ ጃርት ወንዙ ዳር ጎመንና ቆስጣ ያለማል፤ ሌሊት ኮትኩቶ፣ ውኃውን በቦይ መልሶ፣ ጎህ ሲቀድ ለአትክልት ተራ ነጋዴዎች ያስጭናል። እትዬ ፍልፈል ከመሬት በታች ናት። ዓይኗ ለስሙ ያህል ነው፤ ያንን መሬት ግን ከእሷ በላይ የሚያውቀው አልነበረም። አፈሩን የምትቆፍረው በጥርሷ ስለሆነ ጣዕሙን ሳይቀር ታውቀዋለች።

አንድ ቀን አያ ጅቦ መጣ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ይኼኛው ግን አንጥፉልኝ አላለም፤ ሽጡልኝ ነው ያለው። በጊዜው ለነገሡት ለጃንሆይ አንበሳ እጅ ነሥቶ፣

«ጃንሆይ፣ በአገርዎ ስንት በግና ፍየል እየታረደ ቆዳው በየአጥሩ ደርቆ ይቀራል። እኔ አለፋዋለሁ፣ አለሰልሰዋለሁ፣ ባሕር ማዶ ሸጬ ዶላር አመጣለሁ። የአገሬው ልጅም ደመወዝ ያገኛል። የምለምነው ወንዝ ዳር ትንሽ መሬት ብቻ ነው» አለ።

«ለምን ወንዝ ዳር?»

«ቆዳ ውኃ ይወዳል፣ ጃንሆይ።»

እውነቱን ነው። በጨው የመጣ ቆዳ መጀመሪያ ተነክሮ ይታጠባል። ቀጥሎ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ጠጉሩ ይረግፋል፤ ያንን የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ሠፈሩ ላይ የሚለቀው ይኼ ሰልፋይድ ነው። ከዚያ በትልቅ ከበሮ ውስጥ ከክሮም ጨው ጋር ሲሽከረከር ይቆይና ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ የፋብሪካ ሰዎች ዌት ብሉ ይሉታል። ቆዳው ታዲያ ክሮሙን ሁሉ ጠጥቶ አይጨርስም። የተረፈው ከኖራው፣ ከጨውና ከጠጉሩ ጋር ወደ ውጭ ይለቀቃል። ውጭ ማለት ወንዙ ነው። ወንዙ የማይሸከመው ወፍራም ዝቃጭ ደግሞ ከፋብሪካው ጓሮ ይደፋል።

አያ ጅቦ ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ ቆፈረ። ሲሞላ አፈር መለሰበትና ከጎኑ ሌላ ቆፈረ። እትዬ ፍልፈል የመጀመሪያውን ጉድጓድ ያገኘችው በጥርሷ ነው። አፈሩ አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ እሷ አላየችም፤ ምላሷ ግን ደነዘዘ፣ ያልበሰበሰ ጠጉር ጥርሷ ላይ ተጠመጠመ። መሿለኪያዋን ደፍና አቅጣጫ ቀየረች። ለማንም አልተናገረችም፤ ማንስ ጠይቋት።

ዘመን ተለወጠና ጓድ አንበሳ መጡ። በሰው አቆጣጠር 1967 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አዋጅ ወጣ፤ ፋብሪካው የሕዝብ ሆነ፤ አያ ጅቦም በሌሊት ድንበር ተሻገረ። በማግሥቱ በሩ ላይ የነበረው የጅብ ሥዕል ወርዶ የአንበሳ መዳፍ ተሰቀለ። ከበሮው ግን ያው ከበሮ ነው፤ ኖራው ያው፣ ክሮሙም ያው። እንዲያውም ኮታ ስለነበረ ጉድጓዱ ከድሮው ቶሎ ቶሎ ይሞላ ጀመር። ጋሽ ጃርት ወደ ቀበሌ ሄዶ «ጎመኔ ጫፍ ጫፉ እየነደደ ነው» ብሎ አመለከተ።

«ጓድ ጃርት፣ ፋብሪካው የማን ነው?» አሉት።

«የሰፊው ሕዝብ።»

«አንተስ ማን ነህ?»

«ሰፊው ሕዝብ።»

«ታዲያ ራስህን ነው የምትከሰው?»

ጋሽ ጃርት መልስ አጣ። እሾሁን አቁሞ፣ ደግሞ አስተኝቶ፣ ወደ ጎመኑ ተመለሰ።

ይኼን ክፍል ተረት ነጋሪዎች ይዘሉታል። ጅቡ መጣ፣ ጅቡ በላ፣ ጅቡ ሄደ ብለው ይጨርሱታል። እኔ አልዘለውም። በአዲስ አበባ ወንዞች ዳር ካሉት ነባር ፋብሪካዎች ብዙዎቹ በዚሁ መንገድ ነው ያለፉት፦ በግለሰብ ተከፍተው፣ በ1967 ተወርሰው፣ ለሃያ ዓመት ገደማ መንግሥት ሲያስተዳድራቸው ቆይቶ፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በፕራይቬታይዜሽን ኤጀንሲ በኩል ተሸጡ። ያ ሃያ ዓመት ወንዙ ውስጥም፣ መሬቱ ውስጥም አለ።

ወደ ተረቴ ልመለስ። ሦስተኛው አንበሳ ተራቸውን ያዙና ፋብሪካውን ለጨረታ አወጡት። ያሸነፈው የአያ ጅቦ የወንድም ልጅ ነው። ውሉ ወፍራም ነበር፤ ከበሮዎቹ፣ ቦይለሩ፣ ሁለት አይሱዙ፣ የቢሮ ወንበር ሳይቀር ተቆጥረው ገብተዋል። ጉድጓዶቹን የቆጠረ የለም። ሻጭ አላነሣቸውም፣ ገዢም አልጠየቀ፤ ሁለቱም ተሳስቀው ፈረሙ።

ውሻ ተቆጣጣሪ ሆኖ የተቀጠረው በዚህ ጊዜ ነው። የሰው ልጅ ሕግ ስላለው እንስሳቱም ሕግ አማራቸውና አንዱን ቀዱ። ዋናው ሕግ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ይባላል፤ የበከለ ያጽዳ፣ ካላጸዳ የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ይላል። ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ከዚያም ቀደም ብሎ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ሰፍሯል። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159 ወጣና ነባር ፋብሪካዎች ራሳቸውን እንዲያስተካክሉ አምስት ዓመት ተሰጣቸው። ወረቀቱ ምንም አይወጣለትም። በ1990ዎቹ ማብቂያ ገደማ አንድ የባለሙያዎች ማኅበር የአቃቂንና የሞጆን ወንዝ ጉዳይ ይዞ፣ ሥራህን አልሠራህም ብሎ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑን ፍርድ ቤት አቁሞት ነበር፤ ክሱ ውድቅ ሆነ። ወንዙ እንደሆነ ፍርድ ቤት አይቆም።

የወንድም ልጅ ጅቦ ሕጉን አክብሮ ማጣሪያ ገነባ። እውነተኛ ማጣሪያ ነው፤ ገንዳው አለ፣ ፓምፑ አለ፣ አየር መንፊያው አለ። የመብራት ቆጣሪው ብቻ አይዞርም። ውሻ በጠዋት ተነሥቶ ከጎፋ በኩል ብቅ ሲል ጥበቃው ከርከሮ ያፏጫል። ፓምፑ ይነሣል፣ ገንዳው ይፈላል፣ ውኃው ይጠራል። ውሻ በጠርሙስ ቀድቶ፣ መዝገቡ ላይ ፈርሞ፣ አጥንቱን ይዞ ይመለሳል። ጎፋ ሳይደርስ ፓምፑ ይጠፋል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ከተማው አደገ። ከጀሞ እስከ ላፍቶ ኮንዶሚኒየሙ በቀለ፣ አስፋልቱ ተዘረጋ፣ ሊዝ የሚባል ነገር መጣ። መሬቱ ከቆዳው በላይ ውድ ሆነ። ጅቦ ይኼን ለማወቅ የሒሳብ ባለሙያ አላስፈለገውም። አንድ ሌሊት ከበሮዎቹን አስጭኖ፣ የአህያን የሦስት ወር ደመወዝ ሳይከፍል፣ በሞጆ መንገድ ሲነጉድ ታየ።

ያን ጊዜ ውሻ ጮኸ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለውን ለስድብ ነው የምንጠቀምበት። እኔ ለውሻ ትንሽ አዝንለታለሁ። ጅቡ እያለ ቢጮህ ማን ይሰማው ነበር? ራሱ የሚበላው ቀለብ የሚመጣው ጅቡ ከሚከፍለው ግብር ነው። ጅቡ ሲሄድ ግብሩም ሄደ፤ ውሻ የጮኸው ከርኅራኄ ይሁን ከረሃብ እስከ ዛሬ አልተለየም።

በጩኸቱ እንስሳቱ ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። አራተኛው አንበሳ በመድረኩ ላይ ናቸው፤ ክቡርነትዎ ነው የሚባሉት። እመት ጦጢት የፕላን ኃላፊ ሆና ትልቅ ሥዕል ዘረጋች። ሥዕሉ ላይ ዘንባባ አለ፣ ፏፏቴ አለ፣ ማታ የሚበራ መብራት አለ፣ ልጆቿን ይዛ የምትንሸራሸር ሚዳቋ አለች።

«ይኼ ቦታ ይጸዳል» አለች ጦጢት።

«ምኑ?» አሉ አባባ ኤሊ።

«ቦታው።»

«እኮ ምኑ?»

ጦጢት ሰምታ እንዳልሰማች አለፈች። ክቡርነታቸው ለሥራው ገንዘብ ለማሰባሰብ ግብዣ አሰናዱ። ከማዕዱ ለመቅረብ የአንድ መቀመጫ ዋጋ አንድ ሰንጋ ሆነ። በሬ ተጠርቻለሁ ብሎ ጠጉሩን አበጥሮ መጣ፤ በር ላይ ሲደርስ የተጠራው በእንግድነት ሳይሆን በመዋጮነት መሆኑን ነገሩት።

እንዲህ ያለ ገበታ የፈጠርኩት እንዳይመስላችሁ። ግንቦት 2011 ዓ.ም. ላይ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ገበታ ለሸገር ተብሎ የአንድ ሰው መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ተሽጧል፤ የወንዝ ዳር ልማቱ 56 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲሸፍን፣ ወጪውም 29 ቢሊዮን ብር እንዲሆን ታስቦ ነበር። ከዚያ የተገኙት ፓርኮች ውብ ናቸው፤ ይኼን የሚክድ ወይ አላያቸውም ወይ ልጅ ይዞ ሄዶ አያውቅም። ነገር ግን የወንዝ ዳርን ማስዋብና ወንዙ የጠጣውን፣ መሬቱ የዋጠውን ማውጣት ሁለት ሥራ ነው። አንደኛው ለካሜራ ይመቻል። ሁለተኛው ደግሞ በደንብ ከተሠራ የሚታይ ነገር አይተርፈውም። ስለዚህ ነው መሰለኝ ለአንደኛው ገበታ ሲዘረጋ ለሁለተኛው የማይዘረጋው።

ጥቅምት ላይ ሽመላ ከጀርመን መጣች። ክረምቱን እየሸሸች በየዓመቱ ትመጣለች፤ ያረፈችውም ጀርመን አደባባይ ነው፣ ስሙ ስቧት ይሁን የመብራት ምሰሶው ተመችቷት እንጃ። ጋሽ ጃርት ጎመኑን አሳያት። አንገቷን አስግጋ ቅጠሉን አገላበጠችው። (የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በአቃቂ ውኃ በሚለማ ጎመንና ቆስጣ ላይ እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን ከፈተሹ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሽመላ የምትለው አዲስ ነገር አልነበረም።)

«እኛም አገር ኤምሸር የሚባል ወንዝ አለ» አለች። «የድንጋይ ከሰል ማውጫዎቹና የብረት ፋብሪካዎቹ ቆሻሻቸውን ሲለቁበት መቶ ዓመት አለፈ። በኮንክሪት ቦይ ውስጥ አስገቡትና ክፍት ሽንት ቤት ሆነ። አያቴ በላዩ ስትበር ዓይኗን ጨፍና ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ዓሣ አለበት።»

«ማን ከፈለው?»

ጋሽ ጃርት ብልህ ገበሬ ነው፤ እንዴት ጸዳ ብሎ አልጠየቀም።

«ከብዙ ጊዜ በፊት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1899፣ ከተሞቹም ማዕድን ማውጫዎቹም ፋብሪካዎቹም በአንድ የወንዝ ማኅበር ታቀፉ። ሁሉም እንደ ቆሻሻው መጠን ይከፍላል፤ ብዙ ያቆሸሸ ብዙ፣ ጥቂት ያቆሸሸ ጥቂት። ዋናው ጽዳት በ1992 ተጀመረ። ለቆሻሻው ብቻ 51 ኪሎ ሜትር ቦይ ከመሬት በታች ተቆፈረለት። በ2021 ማለቂያ ላይ ፍሳሽ ወደ ወንዙ መግባት አቆመ። 5.5 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ፈጀ፤ ከመንግሥትም ከአውሮፓ ኅብረትም ተጨምሮበታል፤ አብዛኛውን ግን ማኅበርተኞቹ ናቸው የቻሉት።»

«ሠላሳ ዓመት!» አለች በዛፉ ላይ ሆና የምትሰማው ጦጢት። «እኛ እንኳ ሰኔ ሠላሳ ላይ እናስረክባለን።»

ሽመላ ረጅም እግሯን አጥፋ ዝም አለች። እንግዳ ናት።

ከዚያ ኢንጂነር ዝንጀሮ ግምት እንዲሠራ ታዘዘ። ሁለት መንገድ አለ ብሎ ጻፈ፦ ቆፍሮ ማውጣት፣ ወይም ሸክላና ፕላስቲክ አልብሶ፣ ውኃ እንዳይገባውና እንዳይወጣው አጥሮ ማኖር። ማኖሩ ርካሽ ነው፤ የዘለዓለም ጠባቂ ግን ይፈልጋል። ማውጣቱ ውድ ነው፤ ከውድነቱ በላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለው። ወጥቶ የት ይሄዳል?

ይኼ ጥያቄ ለአዲስ አበባ ተረት አይደለም። ከዚያው ከወንዙ ማዶ ረጲ ላይ ያለው ቆሼ የግማሽ ምዕተ ዓመት ቆሻሻ ተሸክሞ ቆየና መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2008፣ ሰንዳፋ ላይ በፈረንሳዮች የልማት ገንዘብ የተሠራ ዘመናዊ ማስወገጃ ተከፍቶ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች መሬታችንን ወስዳችሁ ሽታችሁን ታመጡብናላችሁ ብለው ተነሡና በወራት ውስጥ ተዘጋ፣ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። ገበሬዎቹ ተሳስተዋል የሚል ካለ ጓሮውን ያሳየን። ከሠፈር የወጣ መርዝ ሁልጊዜ የሚያርፈው ጩኸቱ የማይሰማለት ሰው ደጅ ነው።

ግምቱ ቀረበ። ቁጥሩ ሲነበብ ዋርካው ሥር የነበረው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። አቶ ቀበሮ፣ የግምጃ ቤት ኃላፊው፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«ጅቡ ይክፈል!» አለ አህያ። የእሱ ነገር የገባን ነው፤ የሦስት ወር ደመወዝ አለው።

«የትኛው ጅብ?» አለ ውሻ። ፋይሉን ይዞ መጥቷል። እድሜ ልኩን የፈረመበትን ወረቀት አሁን ገና ሊያነበው ነው። ገጹን በአፍንጫው ገለጠ። «የመጀመሪያው አያ ጅቦ ሞቷል። ሁለተኛው አክሲዮን ማኅበር ነበር፤ ማኅበሩ ፈርሷል። በመካከል ያለው…»

«ቀጥል» አሉ ክቡርነታቸው።

«በመካከል ያለው ገጽ ላይ ያለው መዳፍ የጅብ አይደለም፣ ክቡርነትዎ።»

አውጥቶ አሳየ። ትልቅ ነው፤ አራት ጣት፣ ጥፍሩ የተሰበሰበ። ጅብ ጥፍሩን አይሰበስብም፤ ይኼን ሕፃን ያውቃል። በዚያ መዳፍ የታተመው ወረቀት ከሁለቱ ጅቦች ተደምሮ ይበልጥ ነበር። ሁሉም ወደ መሬት አየ።

«ያ እኔ አልነበርኩም» አሉ ክቡርነታቸው። «ጓድ አንበሳ ነበሩ። እኔ እሳቸውን አላውቃቸውም፤ ፎቶግራፋቸውን ራሱ አውርጄዋለሁ።»

አባባ ኤሊ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ክቡርነትዎ፣ ዙፋኑን ወርሰዋል?»

«ወርሻለሁ።»

«ደኑንስ? ግምጃ ቤቱንስ? ጓድ አንበሳ ከውጭ የተበደሩትን ብድርስ?»

«ብድሩንም ወርሰን ከፍለናል» አለ አቶ ቀበሮ፤ ማለት ያልነበረበትን።

«እንግዲያ ጉድጓዱንም ወርሰዋል» አሉ አባባ ኤሊ። «እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ለዚህ መሬት የሚወጣው ብር በስጦታ መዝገብ አይግባ፤ በዕዳ መዝገብ ይግባ። ገበታውም አያስፈልግም፤ ሰው ዕዳውን ሲከፍል ድግስ አይደግስም።»

ክቡርነታቸው ለረጅም ጊዜ ጢማቸውን ዳሰሱ። መጥፎ ገዢ አልነበሩም፤ የሚያስቡም ናቸው። ወደ አቶ ቀበሮ ዘወር አሉ፤ አቶ ቀበሮ ጆሯቸው ሥር ገብቶ ሹክ አላቸው። ያለውን የሰማችው ጉንዳን ናት፤ ከእሷ ነው ሠፈሩ ያወቀው።

«ክቡርነትዎ፣ ስጦታ ከሆነ ስንት እንደምንሰጥ፣ መቼ እንደምንሰጥ፣ ለምን እንደምንሰጥ የምንወስነው እኛ ነን፤ ሁሉም ያመሰግናል። ዕዳ ከሆነ ግን የሚቆጥረው ባለገንዘቡ ነው። አንድ ጉድጓድ ላይ አይቆምም። ላፍቶ ይመጣል፣ ሳሪስ ይመጣል፣ አቃቂ ይመጣል፣ ኮምቦልቻም ሞጆም ይሰማል።»

ቀበሮ ክፉ አይደለም። ሥራውን ነው የሠራው። አሜሪካኖች እንኳ እ.ኤ.አ. በ1980 ለተበከለ መሬት ማጽጃ ትልቅ ፈንድ አቋቁመው፣ ዋናውን ገንዘብ ከነዳጅና ከኬሚካል ኩባንያዎች በግብር ይሰበስቡ ነበር። በ1995 ያ ግብር ጊዜው አለፈበትና ምክር ቤቱ ሳያድሰው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ብዙው ሸክም በተራው ግብር ከፋይ ላይ ወደቀ፤ የኬሚካሉ ግብር በሕግ የተመለሰው በ2021፣ የነዳጁ ደግሞ በ2022 ነው። ሀብታም አገርም ቢሆን ጅቡን ማስከፈል ሲሰለቸው ወደ በሬ ዞር ይላል።

ብሩ በስጦታ መዝገብ ገባ።

ከዚህ በኋላ ያለው የታወቀ ነው፤ ቶሎ ልለፈው። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ይወለዳል፣ ሰኔ 30 ይሞታል። ለአፈር ምርመራ የተያዘው ብር ጨረታው ሁለት ጊዜ ተሰረዘ፤ አንዴ ተጫራች ጠፍቶ፣ አንዴ ተጫራቹ የአቶ ቀበሮ አማች ሆኖ። ግንቦት ገባ። ያልተበላ ብር ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል፤ የመለሰ መሥሪያ ቤት ደግሞ በሚመጣው ዓመት ባይፈልገው ነው ተብሎ ይቀነስበታል። ጦጢት ሌሊትና ቀን ሠራች። ኮብልስቶን ተነጠፈ፣ ዘንባባ በክሬን መጣ፣ የአጥሩ ብረት ቀለም ተቀባ፣ ፏፏቴው ተገጠመ። ለፏፏቴው የወንዙ ውኃ ስለሚሸት ውኃ በቦቴ ይቀርብለታል። ጋሽ ጃርት የመናፈሻውን መልክ ያበላሻል ተብሎ ምትክ ቦታ ተሰጠው፤ ምትኩ ከዚያው ወንዝ ዝቅ ብሎ ነው፣ የሚጠጣውም ያንኑ ውኃ ነው። ሰኔ 28 ቀን ሪባን ተቆረጠ። ሚዳቋ እውነትም ልጆቿን ይዛ መጣች፤ ልጆቹ እውነትም ቦረቁ። ይኼን ደስታ ላጣጥለው አልፈልግም።

ርክክቡ ላይ አንድ ችግር ገጠመ። የሠፈር ሽማግሌ ፊርማ ያስፈልግ ነበርና ቅጹን ለአባባ ኤሊ ሰጧቸው። «የጸዳ መሬት ስለመረከብ» ይላል። አባባ ኤሊ አነበቡት፣ መልሰው አነበቡት፣ አንገታቸውን ወደ ቅርፊታቸው ውስጥ ሰበሰቡ። ሦስት ቀን ቢለመኑ አልወጡም። በመጨረሻ «የተዋበ መሬት» ተብሎ ሲስተካከል ፈረሙ።

ሐምሌ ገባ፣ ዝናቡ ከበደ። ሦስተኛ ጅብ መጣ። ወጣት ነው፣ ከረባት አስሯል፣ ላፕቶፕ ይዟል። ከወንዙ ከፍ ብሎ ባትሪ ማቅለጫ ልክፈት አለ፤ የአሮጌ መኪና ባትሪ እርሳስ አቅልጦ ለመሸጥ። ሥራ እፈጥራለሁ፣ ዶላር አስገባለሁ፣ ማጣሪያም አለኝ ብሎ ሥዕሉን አሳየ። በሩ ላይ የተቀመጠው ውሻ ነው።

«መያዣ አስይዝ» አለው።

«የምን መያዣ?»

«ስትሄድ የማጽጃ። አሁን፣ ሳትጀምር። ባንክ ይቀመጥ፤ መሬቱን ባገኘኸው መልክ ከመለስክ ከነወለዱ ትወስደዋለህ።»

ጅቡ ሳቀ። ጅብ ሲስቅ ደግሞ ሁሉም ይሰማል። «እንዲህ ዓይነት ነገር ማን አስተማረህ?»

«ሁለት አጎቶችህ» አለ ውሻ። «አንድ አንበሳም አለበት።»

ጅቡ ላፕቶፑን ከደነ። የማዶው ክፍለ ከተማ ውሻ መያዣ እንደማይጠይቅ ሰምቶ ነበርና አመስግኖ ወደዚያ ሄደ። ወሬው ከመሸ ክቡርነታቸው ዘንድ ደረሰ። ውሻ ተጠራ።

«ኢንቨስተሬን ያባረርከው አንተ ነህ?»

«መያዣ ጠይቄው ነው፣ ክቡርነትዎ።»

«ስንት?»

«አላውቅም።»

«ሳታውቅ ነው የጠየቅከው?»

«ስንት እንደሚያስከፍል ለማወቅ የድሮው ጉድጓድ ስንት እንደሚያስከፍል ማወቅ አለብኝ። የድሮውን ደግሞ አልመረመርነውም፤ ድንጋይ አንጥፈንበታል። ከታች ያለውን የሚያውቁት እትዬ ፍልፈል ብቻ ናቸው።»

ክቡርነታቸው ዝም አሉ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ከብዙ ጊዜ በኋላ «ፍልፈልን ጥሯት» አሉ።

ሚዳቋ ተላከች። መናፈሻው ውስጥ፣ ቢጫ ከሆነው ዘንባባ አጠገብ፣ ኮብልስቶኑ ትንሽ ከፍ ብሎ የተነሣበት ቦታ አገኘች። ጎንበስ ብላ «እትዬ፣ ክቡርነታቸው ይጠሩዎታል» አለች።

ድምፁ ከድንጋዩ ሥር መጣ፤ አፍ ውስጥ አፈር ያለበት ድምፅ ነው።

«እኔ ሥራ ላይ ነኝ። አሥራ አንደኛው ጉድጓድ ላይ ደርሻለሁ፤ ሁለት ይቀረኛል። ማየት ከፈለጉ እሳቸው ይምጡ።»